ግንባር ላይ የተለጠፈ ቴምብር

በሰፈራችን ጋሼን በተረብ ያሸነፈ ሰው ገና አልተወለደም፤ ተወልዶ ከሆነም ሰፈር ቀይሯል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር። ቴሌቪዥን ታቅፎ የመጣን ደንበኛ ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና «ከሁለታችሁ የተበላሸው የትኛው ነው?» ብለው ነበር ሥራ የሚጀምሩት። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ከሦስት ሰከንድ በኋላ የመጣ መልስ መልስ አይደለም፣ ይግባኝ ነው።

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ልጇ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥታለች። ጋሼ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ሳይጨርሱ ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አሜሪካ ኖረሽ ሥራሽን በቅጡ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሰፈር የለም። እናትሽን ስጠይቃት ‹ልብ አካባቢ ነው› ትለኛለች። ልብ አካባቢማ ሳንባም አለ፣ ጨጓራም አለ።»

«የሰመመን ነርስ ነኝ፣ ጋሼ። የልብ ጉድለት ይዘው የተወለዱ አራሶች ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው አንጎላቸው ኦክስጅን እንዳያንሰው እጠብቃለሁ።»

«የአንጎል ዘበኛ በይኛ!» አሉና ወደ እኔ ራስ ጠቆሙ። «እዚህ ቤት ተቀጥረሽ ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ትተኚ ነበር። የሚጠበቅ ንብረት የለም።»

መልስ ፍለጋ አፌን ከፈትኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ይግባኝህን በጽሑፍ አቅርብ» አሉኝ። ይኸው አቀረብኩ።

የእህቴ ልጅ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ስስ ነገር አወጣች። ከፕላስተር ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ፊቱ ሙጫ አለው፣ ከጫፉ አጭር ሽቦ ተንጠልጥሏል። «ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ተማሪ ለማሳየት እይዘዋለሁ። ግንባራቸው ላይ የምንለጥፈው ይህን ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። «ቴምብር ነዋ! ፈረንጅ ልጁን ቴምብር ለጥፎ ለማን ሊልከው ነው?»

«ለእናቱ፣ ጋሼ። ምንም ሳይጎድል እንዲደርሳት።»

አንድ ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም። እህቴ ረከቦቱ ላይ ስኒ ስትደረድር እጇ በአየር ላይ ቀረ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ማበስ ጀመሩ። እሳቸው መነጽር የሚያብሱት ተፎካካሪ ሲያገኙ ብቻ ነው።

አቦል ተቀዳ።

«እሺ፣ እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲሉ የድሮው ጠጋኝ ከውስጣቸው ብድግ አለ።

«በብርሃን ነው። ይቺ ጫፍ ብርሃን ትልካለች፤ እነዚህ ሁለቱ ዓይኖች ደግሞ ውስጥ ደርሶ የሚመለሰውን ይቀበላሉ። የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን ነው፣ ኢንፍራሬድ። እርስዎ ስንት ሪሞት ኮንትሮል ጠግነዋል፤ የእሱ ዘመድ ማለት ነው።»

«እንግዲህ ልጁን ጣቢያ ልትቀይሩለት!»

«ጣቢያው እንዳይጠፋ ነው የምንጠብቀው።»

ስልኳን አወጣችና ባትሪውን አብርታ የጋሼን ሌባ ጣት መብራቱ ላይ አስቀመጠችው። ጣታቸው እንደ ፍም ቀላ። «አዩ? ሌላው ቀለም ሁሉ ውስጥ ተውጦ ሲቀር ቀዩ ያልፋል። ከቀዩ ወዲያ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይዘልቃል፤ ቆዳም አጥንትም አይከለክለውም። የአራስ ልጅ የራስ ቅል ደግሞ ስስ ነው። ብርሃኑ ገብቶ ደሙን ያገኘዋል። ኦክስጅን የጫነ ሄሞግሎቢንና ባዶውን የሚመለስ ሄሞግሎቢን ብርሃን የሚውጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። እኔ የምሠራበት ማሽን ሁለት ዓይነት ብርሃን ይልካል፤ አንዱ 730 ናኖሜትር፣ ሌላው 810። በአንዱ ሁለቱ ይለያያሉ፣ በሌላው እኩል ሊባሉ ምንም አይቀራቸው። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ነው፤ ከመቶ ታክሲ ስንቱ ተሳፋሪ ጭኗል፣ ስንቱ ባዶውን ይሄዳል።»

«ሌባ ጣቴ ተይዞ እንደሚመረመር ድሮም አውቅ ነበር» አሉ ጋሼ ጣታቸውን እያገላበጡ። «የዚህ ነገር ጀማሪ ማነው?»

«ፍራንስ ዮብሲስ የሚባል፣ በኖርዝ ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰው። ጽሑፉን ያወጣው በፈረንጆቹ 1977 ነው። ሐሳቡ እንዴት እንደመጣለት ሲያወራ ግን የሚጀምረው ከእራት ገበታ ነበር። ከሥጋው የተረፈች ጠፍጣፋ አጥንት ነበረች፤ ልጁ ወደ መብራት ይዞ ሲያያት ብርሃን እንደምታሳልፍ ልብ አሉ። አጥንት ብርሃን ካሳለፈ የራስ ቅልስ ለምን አያሳልፍም?»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ይህን ሁሉ ዘመን አጥንት ስንግጥ ኖረን፣ አንድ ቀን እንኳ ወደ መብራት ያነሳ የለም!»

«መብራቱ መቼ ነበረና» አለች እህቴ ከከሰሉ ሳትነሳ። አንድ ነጥብ ለእህቴ።

ቀጠሉ ጋሼ። «ኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ የሚቆነጥጥ ማሽን ነበር። እሱም ኦክስጅን ይለካል። ግንባር ድረስ ምን አስኬዳችሁ?»

«እሱም ጎበዝ ነው። መሠረቱን የጣለው አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ ኢንጂነር ነው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ። ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ትርታ ይፈልጋል። ደሙ ትር፣ ትር ካላለለት አያነብም።»

«እስክስታ ወራጅ ነዋ! ከበሮው ካልተመታ ትከሻው አይነቃነቅም።»

«እሱ ነው። እኛ ደግሞ ከበሮውን እናቆመዋለን።»

ቤቱ ዝም አለ። እህቴ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። «ልቡን?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ልቡን። የሚመታ ልብ ላይ ያን የመሰለ ስፌት አይሰፋም፤ ልቡ እኮ የሕፃኑን ጭብጥ ታህላለች። ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ የልብና ሳንባ ማሽን ኦክስጅን ይጨምርበታል፣ መልሶ ወደ ሰውነቱ ይገፋዋል። አገፋፉ እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ ይፈሳል እንጂ አይመታም። የጣቱ ማሽን ያኔ ስክሪኑ ላይ ሰረዝ ብቻ ይዞ ይቀመጣል። የግንባሩ ግን ትርታ አይፈልግም፤ ደም ካለ ይበቃዋል።»

«የልብና ሳንባ ማሽኑ ሳይመጣ እንዴት ይሆኑ ነበር?»

«በ1953 ጆን ጊበን ፊላደልፊያ ላይ በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን አንዲት ወጣት አዳነ። በዓመቱ ሚኒሶታ ውስጥ ሊለሃይ የሚባል ሐኪም ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። ልጁን ከአባቱ ጋር ጎን ለጎን አስተኛና ቱቦ አገናኝቶ የአባትየውን ልብና ሳንባ ለልጁ አዋሰው። አርባ አምስት ሰው እንዲህ ታክሟል። የዘመኑ ሐኪሞችም ተረበኞች ነበሩ፤ ‹በአንድ ቀዶ ሕክምና 200 በመቶ ሞት ሊያስከትል የሚችል ብቸኛው ሕክምና› ይሉት ነበር።»

ጋሼ ለአፍታ ፈዘዝ አሉ። «ይህችን ተረብ እኔ ብናገራት ኖሮ ደስ ባለኝ። ግን አባትየው ይቀየመኝ ነበር።»

ቶና ደረሰ። ፈንዲሻው ዞረ።

«ቁጥሩ ስንት ነው ታዲያ? መቶ?»

«መቶ ቢያሳየን የምንጠራጠረው ማሽኑን ነው።»

«ምነው?»

«የጣቱ ማሽን ደሞዝ ነው የሚነግርዎት። ወደ ሰውነት የሚገባው ደም፣ ደም ቅዳ ላይ ያለው፣ 98፣ 99። የግንባሩ ግን ወር መጨረሻ ላይ ኪስ የሚፈትሽ ነው። ከሚያየው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ ደም መልስ ነው፤ አንጎሉ የሚፈልገውን ወስዶ የተረፈውን ነው የሚቆጥረው። ጤነኛ አራስ ላይ ከ60 እስከ 80 ያህል ይሆናል። ደማቸው ኦክስጅን አንሶት ሰማያዊ መስለው የሚወለዱት ላይ ከዚያም ያንሳል።»

«ባለደሞዝ ሁሉ ደሞዙን ሲናገር ይኮራል» አሉ ጋሼ። «እስቲ ኪስህን አሳይ ስትለው ግን ስልክ ይደወልለታል።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልደወለም። ከዳኝ።

«ስንት ሲሆን ነው የምትደነግጡት?»

«ከራሱ መነሻ በአምስት አንድ ያህል ሲወርድ። መጀመሪያ ላይ የራሱን ቁጥር እንይዝለታለን፤ ከዚያ ዛሬውን ከራሱ ትናንት ጋር ነው የምናወዳድረው። ከጎረቤት ልጅ ጋር አይደለም።»

እህቴ ቀና አለች። «ይቺ ለእኔ ናት!»

«ላንቺ ናት እማዬ። ‹የእትዬ እገሌ ልጅ አንደኛ ወጣች› እያልሽ ያሳደግሽኝን አልረሳሁም።»

ሁለት ለባለ ቴምብሯ።

ጋሼ ግን አልለቀቁም። «ልብ ታማ አንጎል መጠበቅ! ጥርሱን ያመመውን ሰው ጫማውን እንደመጥረግ ነው።»

«አይደለም ጋሼ። የአራስ ልጅ አንጎል ከሰውነቱ ክብደት ከአሥር አንድ ይበልጣል። የእርስዎ ሃምሳ አንዱ ነው።»

«የእኔን ተይው፤ አንዳንዱ ካደገ በኋላም እየቀነሰ ነው» አሉ። አሁንም ዓይናቸው እኔ ላይ። መከላከሌን ትቻለሁ።

«ያን የሚያህል አንጎል ገና እየተሠራ ነው፤ ብዙ ይበላል። ድሮ ሐኪሞቹ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ልጁ ተረፈ ወይ? እየተረፉ ሲመጡ ሌላ ጥያቄ ተወለደ፤ ተርፎስ ትምህርት ቤት ሲገባ? ሁለቱ ትልልቅ የደም ሥሮች ቦታ ተቀያይረው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ወደ ሳንባ መሄድ ያለበት ወደ ሰውነት፣ ወደ ሰውነት መሄድ ያለበት ወደ ሳንባ። እነሱን መልሶ ወደ ቦታቸው የማዛወሩን ቀዶ ሕክምና በ1975 መጀመሪያ ያሳካው አዲብ ጃቴኔ የሚባል የሳኦ ፓውሎ ሐኪም ነው። በኋላ የብራዚል የጤና ሚኒስትር ሆኗል።»

«የተቀያየረውን ወደ ቦታው የሚመልስ ሚኒስትር! ለጥቂት ወር አያውሱንም?»

«ሳቁ ይብቃና ይስሙኝ። ለዚህ ሥራ አንዳንዴ ልጁን እስከ 18 ዲግሪ ያቀዘቅዙትና ፓምፑንም ያቆሙታል፤ የቀዘቀዘ አንጎል ትንሽ ነው የሚበላ። ቦስተን ላይ ከ1988 እስከ 1992 እንዲህ ዓይነት ሕፃናት 171 ተመዝግበው፣ ግማሾቹ ፍሰቱ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ግማሾቹ ቀስ ያለ ፍሰት ሳይቋረጥባቸው ተሠርተው፣ እስኪጎረምሱ ተከታተሏቸው። ልባቸው ጥሩ ነበር። ግን በሁለቱም ወገን ትኩረት መሰብሰብ የሚያስቸግራቸው፣ ሲጽፉና ሲስሉ እጃቸው የማይታዘዝላቸው ነበሩ። አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላቸው ከግማሽ በላይ ተጨማሪ የትምህርት ድጋፍ አስፈልጓቸዋል። እርግጥ ሁሉም ከቀዶ ሕክምናው የመጣ አይደለም፤ አንዳንዱ አንጎል ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚወለደው። ለዚህ ነው ልብ ሲሠራ ዓይናችንን ግንባር ላይ የምናደርገው።»

ጋሼ አልተረቡም። ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እስቲ አንድ ቀን በዓይንሽ ያየሽውን ንገሪኝ። ወረቀት አታንብቢልኝ።»

«አሥር ቀን የሆነው ልጅ ነበር። ደረቱ ተከፍቷል፣ ልቡ ቆሟል፣ ፓምፑ ይሠራል። የጣቱ ማሽን ሰረዙን ይዞ ተቀምጧል። የደም ግፊቱ ጥሩ ነው። የፓምፑ ፍሰት ጥሩ ነው። የግንባሩ ቁጥር ግን ከ70 በላይ የነበረው 66 አለ። ስዞር 61። ከዚያ 54።»

«ሌላው ማሽን ሁሉ ምን ይላል?»

«ሰላም ነው ይላል።»

«ስብሰባ ነዋ! ሁሉም ያጨበጭባል፣ አንዱ ጥግ ላይ እጁን ያወጣል። ምን አደረጋችሁት? አስወጣችሁት?»

«ሰማነው። ጮክ ብዬ ቁጥሩን ተናገርኩ። የቀዶ ሐኪሙ እጁን አቆመ። ከራስ የሚመለሰውን ደም የሚቀበለው ቱቦ ልብ ሲገለበጥ ጥቂት ተገፍቶ ኖሯል። ደሙ ወደ አንጎል ይገባል፣ መውጫ ግን አጥቷል። ቱቦውን ጥቂት ሚሊሜትር ሳብ አደረገው። 57። 63። 70።»

«ግፊቱስ ለምን አልተናገረም?»

«ግፊቱ የሚለካው መግቢያው በር ላይ ነው። የተዘጋው መውጫው ነበር።»

ይህችን ጋሼ ሁለት ጊዜ ለራሳቸው ደገሟት። ለሌላ ቀን እንዳስቀመጧት አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ሒሳብ ሹሙ ላይ ትዘንባለች።

«ግራና ቀኝ ለየብቻ የምንለጥፍበትም ጊዜ አለ» አለች የእህቴ ልጅ። «ትልቁ የደም ሥር ቅስቱ ላይ ሲጠገን ለአንጎል የሚሄደውን ደም በቀኝ በኩል ባለው ሥር ብቻ እንልካለን። ግራው በውስጥ መንገድ ከቀኙ ይካፈላል ተብሎ ይታመናል። ተካፈለ ወይስ አልተካፈለም? የግራው ቴምብር ነው የሚመሰክረው።»

«የውርስ ክፍፍል ነዋ! ታላቅየው ‹ለሁላችንም ነው የያዝኩት› ይላል፤ ታናሽየውን ጠይቁት እንጂ።»

«ስለዚህ ጋሼ፣ ማሽኑ ሥራው መተረብ ነው። ‹54!› ይለናል። መመለስ የእኛ ፈንታ ነው። ቱቦውን እናያለን፣ አንገቱ ዞሮ እንደሆነ እናቃናለን። ፍሰቱን ከፍ እናደርጋለን። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በጣም ከወረደ የአንጎል ሥሮች ይጠባሉ፤ እሱን እናስተካክላለን። ደሙ ከቀጠነ ቀይ ደም እንጨምራለን። አንጎሉ ብዙ እየበላ ከሆነ ሰመመኑን እናጠልቃለን ወይም ልጁን ይበልጥ እናቀዘቅዘዋለን።»

«በሦስት ሰከንድ?»

«ደቂቃዎች አሉን። ግን እዚያ ቤት ይግባኝ የለም።»

እህቴ የቶናውን ስኒ ሰብስባ ለበረካው ውኃ ጨመረች። እጇ ሥራ ላይ ሆኖ አፏ ተከፈተ። «እናንተ ይህን ሁሉ በመብራት ነው የምትደክሙበት። እኛ እርግብግቢቱን ነበር የምናየው። ጎድጎድ ካለ ልጁ ውኃ አጥሮታል። ቅቤ ጣል አድርገንበት በጣታችን ዳሰስ፤ አበቃ።»

«እውነትሽን ነው፤ የጎደጎደ እርግብግቢት እኛም ዛሬ ድረስ እናያለን» አለች ልጇ። «አያቴ የመጀመሪያዋ የአንጎል ሞኒተር ነበረች ማለት ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ። ቅቤ የተቀባ ግንባር ላይ ይህ አይጣበቅም።»

«አይጣበቅ! ቅቤው ለእናትሽ ሠርቷል፤ ይኸው አንቺን ወለደች» አሉ ጋሼ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ቋጠሩ። ከባዷን ሲያወጡ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው። «አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሳታቅማሚ መልሺ። ይህ ቴምብር ልጅ አድኗል ወይስ ቁጥር ብቻ ነው የሚጠራው? እኔም ድሮ መለኪያ ነበረኝ። መርፌዋ ስትወዛወዝ ደንበኛው ይደሰታል፤ ቴሌቪዥኑ ግን አይሠራም።»

የእህቴ ልጅ ሳቀች፤ ግን አልሸሸችም። «እውነቱን ልንገርዎት። ያለ ጊዜያቸው በጣም ቀድመው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ይህንኑ ማሽን የፈተነ ትልቅ ጥናት በ2023 ወጥቷል፤ 1,601 ሕፃናት የገቡበት። ግማሾቹ ቴምብሩ ተለጥፎላቸው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ መመሪያ ተሰጥቶ። የሞቱትና ከባድ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሲቆጠሩ በአንዱ ወገን 35.2 በመቶ፣ በሌላው 34 በመቶ።»

«የተለጠፈላቸው የትኞቹ ናቸው?»

«35.2ቱ።»

«አቤት!» አሉ ጋሼ፣ ጉልበታቸውን መትተው። «ቴምብሩ ሳይለጠፍ የተላከው ደብዳቤ ደረሰ!»

«ልዩነቱ ልዩነት አይባልም፤ እኩል ናቸው ማለት ነው። የልብ ሕፃናቱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚያ ልብ ይቆማል፣ ቱቦ ይገባል፣ የሚያጋጥመው አደጋ በደቂቃ ነው። ግን ስለ እነሱም ‹ቴምብሩ የተለጠፈለት ልጅ አድጎ የተሻለ ተማሪ ይሆናል› ብሎ የሚያስምል ትልቅ ጥናት ገና የለም። እኔ ያቺን 54 በዓይኔ ስላየሁ ነው የማልለቀው። ተረብ ራሱ ማንንም አያድንም፣ ጋሼ። መልሱ ነው የሚያድነው። መልሱ ከተሳሳተ ደግሞ ቶሎ መጮህ ብቻውን ምንም አያደርግ።»

ነጥቧ ለማን እንደሆነች አልታወቀም። ጋሼ ግን መነጽራቸውን ሁለተኛ አበሱ።

«ሌላም ልጨምርልዎት፤ እርስዎ ሳይደርሱብኝ። ብርሃኑ ቆዳ ነው መጀመሪያ የሚያገኘው። የጥቁር ሰው ቆዳ ብርሃን ይውጣል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የጣቱን ማሽን ከደም ምርመራ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ማሽኑ ‹ደህና ነው› ካላቸው ጥቁሮች 11.7 በመቶው ኦክስጅናቸው በጣም ወርዶ ተገኘ። ከነጮቹ 3.6 በመቶ። ስለ ግንባሩ ማሽንም ይኸው ጥያቄ ተነስቷል።»

«ማሽኑም ሰው ይመርጣል እንዴ!»

«ማሽኑ አይመርጥም። ሲሠራ ማን ላይ እንደተሞከረ ነው ጉዳዩ። ለዚህ ነው የራሱን ትናንት ከራሱ ዛሬ ጋር እናወዳድር የምንለው። ሲወርድ፣ በየትኛውም ቆዳ ላይ ወረደ ነው።»

በረካው ተቀዳ። ጋሼ ስኒውን ሳይነኩ ወደ መሬት እያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የተረብ ባልሆነ ድምፅ፣ የቀኑን ከባድ ተረብ ወረወሩ።

«እናንተ እዚያ ቁጥር ትጠብቃላችሁ። እኛ እዚህ ወረፋ እንጠብቃለን።»

አንድ። ሁለት። ሦስት።

የእህቴ ልጅ ዝም አለች። መልስ ጠፍቷት አይመስለኝም፤ ሦስቱን ሰከንድ አውቃ የተወቻቸው ነው የሚመስለኝ።

በኋላ ተናገረች። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል በፈረንጆቹ 2009 ከመከፈቱ በፊት፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ልጆቹን ወደ ውጭ ይልክ እንደነበር ነገረችን። ሆሎን፣ እስራኤል ውስጥ በ1995 የተጀመረው ‹ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት› የኢትዮጵያን ልጆች ከተቀበሉት አንዱ ነው። ማዕከሉ ከተከፈተም በኋላ ወረፋው አላለቀም። ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ሲወለዱ ልባቸው ደህና የነበረ ነው፤ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ ልባቸውን የበላው።

«ልባቸው ታሞ ለሚወለዱት ልጆቻችን ግን ይህ ቴምብር ሁለተኛ ነው» አለች። «አንደኛው ያ የናቅነው የጣት ማሽን ነው። አሜሪካ ከ2011 ጀምሮ አራስ ሁሉ በዚያ እንዲታይ ተመክሯል። ልጁ አንድ ቀን ሲሞላው ቀኝ እጁና አንድ እግሩ ላይ ይለካል። ከ95 በታች ከሆነ፣ ወይም እጅና እግሩ ከሦስት በላይ ከተለያዩ፣ ይደገማል፤ በጣም የወረደ ከሆነ ወዲያው፣ አለዚያም ሲደገም እንዲያው ከሆነ፣ ልቡ ይመረመራል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሰማያዊውን ልጅ ከወረፋው መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ይይዙታል።»

«ማሽን በሌለበትስ?» አለች እህቴ።

«ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ሁለት ሦስቴ ስቦ ትንፋሽ አጥሮት የሚያቋርጠው፣ ክብደት የማይጨምር፣ ከንፈሩና ምላሱ የሚጠቁር ልጅ። ‹ይደርሳል፣ ያድጋል› አትበሉት። ውሰዱት።»

«እስክስታ ወራጁን ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ ጋሼ። «አዋርጄው ነበር።»

መሸ። ሊሄዱ ሲነሱ የእህቴ ልጅ ቴምብሩን አነሳችና «ቦታውን ላሳይዎት» ብላ ከቅንድባቸው በላይ፣ ቀኝ ግንባራቸው ላይ ለጠፈችው። ሽቦው ጆሯቸው ላይ ወረደ። እህቴን ቡናዋ ትን አላት። ጋሼ ግን በመስተዋት እንኳ ሳያዩ፣ ኩታቸውን አጣፍተው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ የከርሞ ሰው ይበለን» ብለው ከነቴምብሩ ወጡ። ልሸኛቸው ተከተልኳቸው።

ጥግ ላይ ያለው ሊስትሮ ገና ከሩቅ አያቸው። ሰፈሩ ውስጥ አፉ የታወቀ ልጅ ነው፤ ነገ የጋሼን ወንበር የሚወርስ እሱ ነው ይባላል። ብሩሹን ሣጥኑ ላይ ሁለቴ አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ግንባርዎ ላይ ምንድን ነው? ዋጋዎትን ለጠፉብዎት እንዴ?»

ጋሼ እርምጃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

«ደረሰኝ ነው። አንጎል እንዳለኝ ተመርምሮ የተሰጠኝ። አንተ ያንተን የት ጣልከው?»

ልጁ አፉን ከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ይግባኛችንን አብረን ልናስገባ ተስማምተናል።